የመምህር ቢያድግልኝ ሦስተኛ ማትሪክ

ቢያድግልኝ ማረፉን የሰማሁት ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዤ ነው። ድሮ ያስተማርኳት፣ ዛሬ እሷም የልጅ ልጅ ያየች ሴት ከኋላዬ ቆማ ስለ ዝናቡ ስታወራ ቆይታ፣ «እትዬ እማዋይሽ፣ መምህር ቢያድግልኝ እኮ አረፉ። ኮሶበር ነው የተቀበሩት፤ አልሰሙም እንዴ?» አለችኝ። እንዲያው እንደ ዋዛ! አልሰማሁም። ማን ይነግረኛል? የኔ ዘመን ሰው አንድ በአንድ አለቀ። እህሌን እዚያው ጥዬ ወጣሁና ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ግንድ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለሽማግሌ ሞት እንዲህ አይለቀስም ይሉኝ ይሆናል። ይበሉኝ። እኔ ያለቀስኩት ለሽማግሌው አይደለም፤ በሃምሳዎቹ ዓመታት ዳንግላ አብሮኝ ያስተምር ለነበረው፣ ሱሪው ሁልጊዜ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ለሚቀረው ለዚያ ረጅም ልጅ ነው።

ያን ጊዜ እኔ ከደብረ ማርቆስ የተመደብኩ የቤት ሙያ አስተማሪ ነበርኩ። ደፋር ነኝ፤ አፌ አያርፍም። ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ አላውቅም፤ ሌላ ቋንቋ ያለም አይመስለኝ ነበር። ዳንግላ በደረስኩ ሰሞን ገበያ ወጥቼ ግማሹ ሰው በአገውኛ ሲያወራ ሰማሁና፣ «እነዚህ ደግሞ ምንድን ነው የሚሉት?» ብዬ ጮክ ብዬ ጠየቅሁ። ከኋላዬ አንድ ድምፅ፣ «ይቺ ልጅ ጨው ነው ወይስ ሰው የጠፋባት? ነው የሚሉት» አለኝ። ዞር ብል አንድ ቀጭን ወጣት ከት ብሎ ይስቃል። በማግስቱ ትምህርት ቤት ስገባ ጎኔ የተቀመጠው መምህር እሱ ሆኖ አገኘሁት።

የጥርባ ልጅ ነው፤ ከኮሶበር ትንሽ ወጣ ብሎ። እናቱ ከሱ በፊት የወለዷቸው ልጆች አልበረከቱላቸውም፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ቤታቸው የሚነገረው አገውኛ ብቻ ነው፤ አማርኛን ያገኘው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። አማርኛ ሊናገር ሲል መጀመሪያ ቀና ብሎ ጣራውን ያያል፤ ዓረፍተ ነገሩ እዚያ የተሰቀለ ይመስል። ተማሪዎቹ ይህን እያስመሰሉ ሲስቁ ቢያገኛቸው፣ «አንገትህን እንዲህ አይደለም፣ ትንሽ ወደ ግራ» ብሎ አርሟቸው ያልፋል። መቆጣት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። እኔ ነበርኩ ለሱ የምቆጣለት።

ማትሪክ ወድቆ አስተማሪ የሆነ እንዳይመስላችሁ። ማለፉንማ አልፏል። ያመጣው ነጥብ ግን ለአስተማሪነት በቃ እንጂ አዲስ አበባ ሄዶ ሕግ ለመማር አልበቃም። እሱ ደግሞ የሚፈልገው ሕግ ነው፤ ሌላ አይደለም። ሌላው ሰው ቢሆን በዚያ ዘመን መምህር መባልን ምን ይጠላዋል? ሴት ልጅ ያለው የከተማው ሰው ሁሉ ባርኔጣውን አንስቶ ነበር ሰላም የሚለው። ቢያድግልኝ ግን ነጥቡን ሊያሻሽል ግንቦት ሲመጣ ማርቆስ ይሄድና ከልጆች ጋር ተሰልፎ ይፈተናል። ሁለተኛ ጊዜ ተፈትኖ ነጥቡ ትንሽ ከፍ አለ፤ ግን አሁንም አልደረሰም። «አንተ ሰው፣ ያለፈ ሰው ተመልሶ ሲፈተን የት ታይቷል? አታፍርም?» አልኩት። ቀና ብሎ ጣራውን አየና፣ «እታለም፣ ጤፍ በአንድ እርሻ ይዘራል እንዴ? ይገመሳል፣ ይታየማል፣ ይሰለሳል። እኔ ገመስኩ፣ አየምኩ። ዘንድሮ እሰልሳለሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ «መምህር ሊሰልሱ ነው» እየተባለ ተወራ። ወሬው እሱ ጋ ሲደርስ፣ «ዝናቡን ብቻ ይስጠኝ በሉልኝ» አለ።

አጠናኑ ያስቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ ዳማ ፈረሱን ጭኖ እናቱ ዘንድ ይሄዳል፤ አገሩ የፈረስ አገር አይደል? እንግሊዝኛውን የሚያጠናው እዚያ ፈረስ ላይ ነው። ልጓሙን ለቆ፣ መጽሐፉን ዘርግቶ፣ ጮክ ብሎ እያነበበ ይሄዳል። ፈረሱ ከመልመዱ የተነሳ ንባቡ ሲቆም እሱም ይቆማል። ገበሬዎቹ መጀመሪያ አበደ ብለው ነበር፤ በኋላ ለመዱትና ድምፁን ሲሰሙ በእናቱ ስም «የደብሬ ልጅ መጣ» ብለው ከብቶቻቸውን ከመንገዱ ያሸሹለት ጀመር።

ነጥቡን የሚጎትትበት ግን እንግሊዝኛው አልነበረም፤ የአማርኛ ድርሰቱ ነው። ስለዚህ እኔ ዘንድ መጣ። «አንቺ ከአማርኛ ሌላ የለሽም፤ እስቲ ካለሽ ላይ አካፍይኝ» አለኝ። ስድብ ይሁን ልመና እስከ ዛሬ አልገባኝም። ተማሪዎቹ ሲሄዱ በረንዳው ላይ እንቀመጣለን፤ እሱ ይጽፋል፣ እኔ አርማለሁ። ስህተት እንኳ አይገኝበትም፤ ደረቅ ነው። የንብ ጥቅም፣ የንጽሕና ጥቅም፣ የዛፍ ጥቅም፤ ሁሉም ጥቅም ብቻ። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና፣ «ይሄ ድርሰት አይደለም፣ አዋጅ ነው! እንዲያው አንድ ጊዜ እንኳ የሚያምህን ነገር ብትጽፍ ምን አለበት?» ብዬ ጮህኩበት።

በማግስቱ ያመጣውን ሳነብ አፌን ያዝኩ። አባቱ ሲሞቱ የአባቱ ወንድም መሬታቸውን ያዘ። እናቱ ከሰሱና ችሎት ቆሙ፤ ልጅየው ቀሚሳቸውን ይዟል። አማርኛ ስለማያውቁ አስተርጓሚ ተሰጣቸው። ተናገሩ። ድንበሩ የትኛው ዛፍ እንደሆነ፣ ማን እንዳረሰው፣ ማን በእማኝነት እንደቆመ፣ ባላቸው ሲያጣጥር ምን ብሎ እንደተናዘዘ ተናገሩ። እየተናገሩ አለቀሱ፤ እንባቸውን ጠርገው ደግሞ ተናገሩ። ሲጨርሱ አስተርጓሚው ወደ ዳኛው ዞረና፣ «መሬቱ የኔ ነው ትላለች» አለ። ይኸው ነው። ፍርዱ ለአጎቱ ሆነ። «እናቴ ያለችውን ሁሉ የሰማሁ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔን ደግሞ የጠየቀኝ የለም» ይላል የድርሰቱ መጨረሻ።

ቀይ እስክሪብቶዬን ከደንኩና፣ «ይሄን አላርምም» አልኩት። ሕግ ሕግ የሚለው ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ሕግ ተምሮ ይግባኙን ሊያስከፍተው ነው። እናቱ እንደገና ችሎት ይቆማሉ፣ እንደገና ይናገራሉ፤ በዚህኛው ጊዜ ዳኛው አንዷ ቃል ሳትቀር ይሰማል። «እሷ ሳታረጅብኝ መድረስ አለብኝ» አለኝ። ሰውየው የሚሽቀዳደመው ከፈተናው ጋር ሳይሆን ከእናቱ ዕድሜ ጋር ነበር።

እማማ ደብሬን አንድ ጊዜ አይቻቸዋለሁ። ድንች በአህያ አስጭነው፣ ማር በቅል ይዘው ዳንግላ ድረስ መጡ። አጭር፣ ቀልጣፋ ሴት ናቸው። ጉንጬን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ነገር ተናገሩ። እሱ በመሃል ገብቶ ያስተረጉማል፤ ከአፋቸው የወጣችውን ሁሉ፣ አንዷን ሳያስቀር። «ይቺ ናት ወይ የምታስተምርህ፣ ትላለች። መልኳ ደግ ነው፣ ትላለች። ግን ምነው እንዲህ ከሳች፣ እናት የላትም ወይ፣ ትላለች። ባል አላገኘችም ወይ፣ ትላለች።»

«ይሄኛውን ብትተወው ምን ነበረበት?» አልኩት።

«እኔ የሰው ቃል አላሳጥርም» አለኝ፤ ፊቱ ላይ ሳቅ የለም። እሳቸው ደግሞ የተባባልነውን ጠይቀው ሲነግራቸው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

ግንቦት ገባ። ማርቆስ ሊሄድ ቀናት ሲቀሩት የእናቱ ወንድም አያ ፈንታ ላብ ያጠመቃት በቅሎ እየሳቡ በትምህርት ቤቱ በዋናው በር ሳይሆን በጓሮ በር መጡ። እኔ ዲሬክተሩ ጋሽ ተገኘ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ቢያድግልኝ ከማዶው ክፍል ያስተምራል፤ ክፍልፋይ ሲያስረዳ ድምፁ ይሰማናል። አያ ፈንታ በሩን ከኋላቸው ዘጉና፣ «ደብሬ አረፈች» አሉ። ውጋት ይዟቸው ሳይውሉ ሳያድሩ ነው። እኔ ልጁን ሊወስዱት የመጡ መስሎኝ ልጠራው ብድግ አልኩ። አያ ፈንታ ክንዴን ያዙኝ።

«ቁጭ በይ ልጄ። እንዳይሰማ ልለምናችሁ ነው የመጣሁት። ነፍሷ ሳይወጣ፣ 'ፈተናውን ሳይጨርስ ብትነግሩት መቃብሬን እንደ ረገጣችሁ ቁጠሩት' ብላናለች።»

«እንዴት ይሆናል?» አልኩ። «አንድ ልጇ እኮ ነው! እናቱን አፈር ያልብሳት እንጂ! ፈተና እንደሆነ በየዓመቱ አለ!»

«አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ እማዋይሽ» አሉኝ ጋሽ ተገኘ። «ከሰማ አይፈተንም። ዘንድሮ ካልተፈተነ ደግሞ ለማን ብሎ ነው ሌላ ጊዜ የሚፈተነው? በዚያው ይቀራል።»

«እኔስ ደስ ብሎኝ መሰለሽ?» አሉ አያ ፈንታ። «የጥርባ ሰው፣ 'ልጅ እያላት ባዕድ ቀበራት' ይለኛል። ይበለኝ። የሟች አደራ በልቼ የት እደርሳለሁ?»

በአገራችን መርዶ እንዲሁ እንደ ወሬ አይነገርም፤ ቀን ይመረጥለታል፣ ሽማግሌ ይሄድበታል፣ ጎህ ሲቀድ ይነገራል። ስለዚህ ከፈተናው ተመልሶ እስኪመጣ ሆድ ይፍጀው ተባለ። ኤዲያ! ሆድስ ስንቱን ይፍጅ! ያን ቀን ጥርባ ላይ እማማ ደብሬ ሲቀበሩ ልጃቸው ዳንግላ ላይ ጥቁር ሰሌዳ እየጠረገ ነበር።

የኔ ድርሻ ስንቅ ማሰናዳት ነው። ለበሶ የሚሆን ገብስ እየቆላሁ አለቅሳለሁ፤ እያለቀስኩ እቆላለሁ። በመሃል እሱ ብቅ አለ።

«ምነው ዓይንሽ ቀላ?»

«ጭሱ ነዋ! እርጥብ እንጨት ሸጡልኝ!»

ምጣዱ ላይ ያለውን ገብስ አየ። «ተይው በቃ፤ በቅቶኛል» አለና ሄደ።

ቅዳሜ ደረሰ። እንደ ልማዱ ፈረሱን ጭኖ ቢሄድ ጉድ ፈላ። ጋሽ ተገኘ ጠርተው፣ «ልጄ፣ ፈተናህ ደርሶ ፈረስ ላይ ምን ትሠራለህ? ብትወድቅስ? እዚሁ ሆነህ አጥና» አሉት። ሌላ ጊዜ ከዚያ መንገድ ሰይጣንም አያስቀረውም ነበር። «እሺ» አለ። አንድ ቃል፣ እሺ። እኛም በቀላሉ አመለጥን ብለን ደስ አለን። ሞኞች!

አውቶቡስ ሲሳፈር ሁላችንም ሸኘነው። ሳቅንለት። ጋሽ ተገኘ ቀልድ ሊያወሩ ጀምረው መጨረሻው ጠፋባቸው። እሱ አንድ በአንድ አቅፎ ሳመን፤ እኔን ሲስመኝ እጄን ጠበቅ አድርጎ ያዘኝ። ለእናቱ ሰላምታ አድርሱልኝ አላለም። ይህን ልብ ያልኩት አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ነው፤ ሐሳቡ ፈተናው ላይ ሆኖ ነው ብዬ ተውኩት።

ተፈትኖ የተመለሰ ዕለት ማንም ምንም ሳይለው ተለያየን። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አያ ፈንታ፣ ጋሽ ተገኘና ሁለት ሽማግሌዎች ወደ ቤቱ ሄዱ፤ እኛ ሴቶቹ ከኋላ ነን። በሩ እንደሚዘጋ፣ ተኝቶ እንደምናገኘው፣ እንዴት አድርገው እንደሚቀሰቅሱት ሲመካከሩ ነው ያደሩት። ስንደርስ በሩ ክፍት ነው። ቤቱ ተጠርጓል። ከጎረቤት የተዋሳቸው አግዳሚዎች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። እሱ ራሱን ተላጭቶ መሃል ቆሟል።

«ግቡ» አለ። «አረፍ በሉ። ብዙ ደከማችሁ።»

ለቀባሪው አረዱት ይባላል። ይሄ ግን ሳይቀብር የተረዳ ነው። አያ ፈንታ አግዳሚው ላይ ወደቁና፣ «ማን ነገረህ? ማን ነው አፉን የከፈተው?» አሉ።

እሱ ግን በማንም አልፈረደም። አያ ፈንታ በመጡበት ቀን፣ ከክፍል ወጥቶ በገበያው መንገድ ሲሄድ ነው፤ ከወደ ጥርባ የመጣች ሴት ዓይኗ ሲያየው ደረቷን ደቃ ዋይ አለች። የሰማ መስሏታል። ወደ ትምህርት ቤቱ ሊሮጥ ዞረ። ሲዞር የአያ ፈንታ በቅሎ በጓሮ በር ስትወጣ አየ፤ ሊወስዱት እንዳልመጡም፣ እናቱን ያውቃልና በሳቸው አደራ እየተደበቀበት እንደሆነም ገባው። ሴትዮዋን፣ «አንቺም አልነገርሽኝ፣ እኔም አልሰማሁ» አላት። እንባውን እዚያው መንገድ ላይ መልሶ ዋጠና ቤቱ ገባ።

«ባለቅስ ትሰማላችሁ፤ ብትሰሙ የሷ አደራ ይፈርሳል» አለ። «ደግሞ ይቺ ሴት ያን ሁሉ በሶ ቆልታ...» አለና እኔን አየኝ፤ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

እኛ አለቀስን። እሱ አላለቀሰም። ጥርባ ወርዶ መቃብሩ ላይ ቆሞም አላለቀሰም። የአገሩ ሴቶች ሙሾ እያወረዱ ሲያዩት፣ «ትምህርት ልቡን አደነደነው፤ የመጣው ለይሉኝታ ነው» ብለው በሹክሹክታ አሙት። አርባውም አለፈ፤ ያው ነው። አንድ ቀን በረንዳው ላይ ፈተናውን ጠየቅሁት። የድርሰቱን ርዕስ እንኳ አያስታውስም፤ እጁ ግን ከወረቀቱ ላይ አልተነሳም ነበር። ከዚያ፣ «እታለም፣ እንባዬ እምቢ አለኝ» አለኝ። «ያን ቀን ሲመጣ መለስኩት። ተቀይሞኝ ነው መሰለኝ፣ ብጠራው አይመጣም።» ይህን የምታክል አማርኛ ሲናገር ጣራውን አላየም።

ነሐሴ ላይ ጋሽ ተገኘ ማርቆስ ሄደው በጭነት መኪና ተመለሱ፤ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። ገና ከመኪናው ሳይወርዱ፣ «ደረሰ! ቢያድግልኝ ደረሰ! ሕግ ይገባል!» እያሉ ጮኹ። ነጥቡ ከሚፈለገውም በላይ ነበር። ሕግ ገባ፤ ጠበቃም ሆነ። ችሎት ፊት አንዲት አሮጊት ስትናገር «አሳጥሪ» የሚላት ቢገኝ፣ «ትጨርስ፣ እለምናለሁ» ይል ነበር ብለው የሰሙት ነግረውኛል። የእናቱን መሬት ክርክር ግን አላነሳውም። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ «ረትቼ ለማን ልንገር?» አለኝ። ይህ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው።

ያን ቀን ግን ዝናቡን ከምንም ሳንቆጥር ተንጋግተን ቤቱ ደረስን። ጎረቤቱ ተሰበሰበ፤ ጠላ ያለው ጠላ፣ ዳቦ ያለው ዳቦ ይዞ መጣ። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ጋሽ ተገኘን እጅ ነሳ፤ አያ ፈንታን ጉልበት ሳመ። እኔ ደስታዬን መቻል አቅቶኝ እልልታዬን አቀለጥኩት። ሴቶቹ ተቀበሉኝ።

እልልታው መሃል ቢያድግልኝ ዞር ዞር ብሎ ከሕዝቡ መካከል ሰው ፈለገ። ዓይኑ ከፊት ወደ ፊት ዞረ፤ የሚፈልጋትን አጣ። ከዚያ ደጃፉ ጭቃ ላይ ተቀመጠ፤ በአገውኛ እናቱን ጠራ። ድምፁ የሱ አይመስልም። ከግንቦት ጀምሮ የመለሰው ሁሉ አንድ ላይ መጣበት፤ ትከሻውን ያንዘፈዝፈዋል፤ ሊይዙት የሞከሩትን ወንዶች ይዞ ይወድቃል። አያ ፈንታ፣ «ተዉት፤ ይውጣለት» አሉ፤ እሳቸውም አጠገቡ ተቀምጠው ማልቀስ ጀመሩ።

እንኳን ደስ አለህ ሊል የመጣው ሰው ይዞት የመጣውን አስቀመጠ። ተመልሶ የሄደ የለም። አንዱ አግዳሚ አወጣ፣ አንዱ ሰሌን አነጠፈ፤ ሁሉም በየቦታው ተቀመጠ። እኔም ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩና ከሴቶቹ ጋር ለቅሶ ተቀመጥኩ።